«የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ከደባርቅና ከዳባት የተነሣ ጥያቄ



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ፣ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ደባርቅ ይደርሳል። ከከተማዋ ወጣ እንዳለ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የስሜን ተራሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሽቅብ ገብስ፣ ቁልቁል ማሽላ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ገበሬ ስለ አየር ጠባይ ለማውራት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ኑሮው ራሱ እርሱ ነውና።

ታዲያ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ውርጭ አዝመራውን ሲመታው «ምን ሆነን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መልሶች ሦስት ናቸው። አንዱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ኃጢአታችን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በስልኩ የደረሰውን ይዞ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ይላል። ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚነገሩት ነገሩ ከመመርመሩ በፊት ነው።

ጉዳዩ የወሬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን በሽታውን የሳተ መድኃኒቱንም ይስታል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝም ስለ ጎረቤታችን ብቻ ሳይሆን ስለ ሰማዩና ስለ ምድሩ ስንናገርም የሚሠራ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሳይንሱ በእርግጥ ምን እንዳለና ምን እንዳላለ፣ ወሬው ከሳይንሱ የሚለይበት ቦታ የቱ ላይ እንደሆነ አብረን እንመለከታለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። የዛሬው ዝናብ፣ የዛሬ ሳምንቱ ውርጭ፣ የዘንድሮው ክረምት መዘግየት «የአየር ሁኔታ» ይባላል። «የአየር ንብረት» የሚባለው ግን የአንድ አካባቢ የብዙ ዓመታት ጠባይ ነው፤ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ ይለኩታል። የአንድን ሰው ጠባይ በአንድ ቀን ቁጣው እንደማንፈርድ ሁሉ፣ የአየር ንብረትም በአንድ ክረምት አይፈረድም። አንድ መጥፎ ዓመት ለውጥን አያረጋግጥም፤ አንድ ጥሩ ዓመትም ለውጥ የለም አያሰኝም።

ታዲያ በአገራችን የብዙ ዓመት መለኪያ ምን ይላል? በዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2007 ባወጣው ሰነድ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 55 ዓመታት የአገሪቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን፣ ማለትም በአብዛኛው የሌሊቱ፣ በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ይህ በ55 ዓመት ሲባዛ ሁለት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ቀላል ነገር አይደለም። የዓለምም ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ምድር ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ 1.1 ዲግሪ ያህል እንደሞቀችና ለዚህም የሰው ሥራ ምክንያት መሆኑ የማያጠራጥር እንደሆነ አስታውቋል።

ልብ በሉ፤ ያው የ2007ቱ ሰነድ ሌላም ነገር ይናገራል። የአገሪቱ ዓመታዊ የዝናብ መጠን በአማካይ ሲታይ ብዙም እንዳልተለወጠ ይገልጻል። «ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው» የሚለው በየስብሰባው የምንሰማው ንግግር በዚህ አገር አቀፍ አማካይ አይደገፍም ማለት ነው። ስለ ሙቀቱ በድፍረት መናገር ይቻላል፤ ስለ ዝናቡ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ታዲያ ገበሬው ተሳስቷል?

አልተሳሳተም። አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። የዓመቱ ዝናብ ድምር ሳይለወጥ አጀማመሩ ሊዘገይ፣ በመካከል ሊቋረጥ ወይም የሳምንቱ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ከመሬት የሚተነው ውኃ ይጨምራል፤ ያው ዝናብ ጥቅሙ ያንሳል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ከሰማይ ሳይሆን ከእግራችን ሥር ነው። ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ሲታረስ በየክረምቱ አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል። ጥልቅ አፈር እንደ እንስራ ውኃ ይዞ ያቆያል፤ ስስ አፈር ግን እንደ ሰሃን ወዲያው ያፈስሳል። ስለዚህ ዝናቡ የአባቶቻችን ዝናብ ሆኖ ሳለ፣ መሬቱ የአባቶቻችን መሬት ስላልሆነ ብቻ ሰብሉ በአጭር የዝናብ መቋረጥ ሊደርቅ ይችላል። ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ምሁር ሃንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች ሲሠሩ በብርቱ ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የአፈር መታጠብ ነበር። ከ1981 ጀምሮም በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተካሄደውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም መርተዋል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ሁሉን ነገር በሰማዩ ላይ ስናሳብብ በእጃችን ያለውን ምድር እንዘነጋለን። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው ንግግር እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ ለስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ተራራው ራሱ መለኪያ ነው

ከቆላ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ይህን ገልብጠን ብናስበው፣ አገሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የቆላው ጠባይ 160 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ዳባት በ2,600 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆናቸውን ስናስብ ይህ ለአካባቢው ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ድሮ ውርጭ ይከለክለው የነበረ አዝመራ ከፍ ብሎ ሊበቅል ይችላል፤ የቆላ በሽታና ተባይም እንዲሁ ሊወጣ ይችላል። ተራራው ግን ማለቂያ አለው፤ እንደ ዋልያ ያለ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የሌለው እንስሳ ከጫፉ በላይ መሄጃ የለውም።

ሆኖም እዚህም ላይ መቸኮል አይገባም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ሲገባ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ነበሩበት። በ2017 ከዚያ ተርታ የወጣውም የዓለም ሙቀት ስለቀነሰ አይደለም፤ የጥበቃና የግጦሽ ቅነሳ ሥራ ስለተሠራ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች የሆኑ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ መደረጋቸው ነበር። ቀየውን የለቀቀው ሰው የከፈለውን ዋጋ ሳንረሳ ማለት ነው።

ወይም አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ እንውሰድ። የአስታ ደን ከቀድሞው ከፍ ብሎ ሲበቅል ብናይ «ሙቀቱ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ተመራማሪ ግን «ወይስ ከብቱና መጥረቢያው ስለተከለከለ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ።

«የአየር ንብረት ዱሮም ይለዋወጥ ነበር» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ስሜንም ይመሰክራል። በተራሮቹ ጫፍ አካባቢ ጥንት የበረዶ ግግር ገፍቶ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ ዛሬ ግን ግግሩ የለም። ይሁን እንጂ ቤት ዱሮ በመብረቅ ተቃጥሎ ያውቃል ማለት ዛሬ በክብሪት የሚያቃጥለው የለም ማለት አይደለም።

ወባ ደጋ ወጣ?

ሌላው በብዙዎች አፍ ያለው ንግግር «ወባ ደጋ የወጣው በአየር ለውጥ ነው» የሚለው ነው። ይህንንም ከሁለት ወገን እንየው።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ቦታና ከፍታ መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታት እንደሚወርድ አሳይቷል። ስለዚህ ንግግሩ መሠረት አለው።

በሌላ በኩል በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በተነሣ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ በሽታው እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ደርሶ ነበር። ያኔ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያነሣ አልነበረም። ዛሬም አንድ የደባርቅ ወጣት ወባ ሲይዘው የመጀመሪያው ጥያቄ ሰማዩን የሚመለከት ሊሆን አይገባም፤ «ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወይም መተማ ወርደህ ነበር ወይ?» ነው መባል ያለበት። በሽታውን የያዘው እዚያው ከሆነ መፍትሔው ለተጓዥ ሠራተኞች አጎበርና ምርመራ ማድረስ ነው እንጂ ስለ ዓለም ሙቀት ስብሰባ መጥራት ብቻ አይደለም።

ምስክር ሳይኖረው የዞረ ቁጥር

«ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል።» ይህን ያልሰማ አለ? በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በችግኝ ተከላ ቀን ሰምተነዋል፤ አንዳንዶቻችንም በመድረክ ላይ ደግመነዋል። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት አል ጎርም ተመሳሳይ ቁጥር በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ጠቅሰውታል።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ቁጥር ዱካ ተከትለው ወደ ኋላ ሄዱ። ያገኙት ግን በመለኪያ የተገኘ ውጤት አልነበረም፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ ያስተላለፈው ግምት ነበር። ከዚያም በ2009 በቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡትን ፎቶግራፎች ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ያንኑ ቦታ እንደገና ፎቶ አንሥተው አነጻጸሩ። በብዙዎቹ ቦታዎች ተራራው ከ140 ዓመት በፊት ይበልጥ የተራቆተ ሆኖ ተገኘ። ለለውጡ ባሕር ዛፉም፣ እርከኑም፣ የተከለለው ተራራም ድርሻ ነበራቸው።

ይህ ማለት ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ተመንጥሯል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ መልካም ዓላማ ቁጥርን እውነት አያደርገውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ለችግኝ ተከላ ብለን በችኮላ የታጠቅነው ቁጥር አንድ ቀን ሲፈታ ሰሚው ችግኙንም አብሮ ይጥለዋል። ደግሞም ታሪኩ ሁልጊዜ የጥፋት ታሪክ ብቻ ከሆነ፣ በገዛ እጁ እርከን የሠራው ገበሬ ምስጋና የት ይገባል?

ድርቅ፣ ረሃብና የቃላት ጥንቃቄ

ይህ ጥንቃቄ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። በ2015 የሰሜን ምሥራቅና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ዝናብ ክፉኛ ቀነሰ። ሳይንቲስቶች ጉዳዩን መርምረው ድርቁ በጣም ብርቅ እንደነበርና ኤልኒኞ እንዳባባሰው ገለጹ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻ ግን ተለይቶ እንዳልታያቸው ተናገሩ። ኤልኒኞ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚከሰት ተፈጥሯዊ ነገር ሲሆን፣ የሰሜን ኢትዮጵያን ክረምት ብዙ ጊዜ ያዳክማል። በአንጻሩ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ኬንያንና ሶማሊያን ስለመታው ረጅም ድርቅ በ2023 የወጣው ጥናት፣ የአየር ንብረት ለውጥ የዚያን ድርቅ ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንደጨመረው አስታወቀ። የምርመራው ስልት ተመሳሳይ ነው፤ መልሱ ግን ተለያየ። እውነተኛ ምርመራ የሚታወቀውም መልሱ አስቀድሞ ባለመወሰኑ ነው።

ከዚያ ደግሞ ወደ ደጃችን መጣ። በ2023 ክረምት ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት በድርቅ ተመቱ። ዓመቱ የኤልኒኞ ዓመት ነበር። ነገር ግን በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ እንደነበር፣ በ2023ም በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ መንገድና ዕርዳታ እንደተስተጓጎለ እናውቃለን። በጥር 2024 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ፤ የመንግሥት ባለሥልጣናት ግን ድርቅ መኖሩን እንጂ ረሃብ የሚለውን አልተቀበሉም።

እንግዲህ ዝናብ ሲጠፋ ድርቅ ይሆናል፤ ድርቅ ረሃብ የሚሆነው ግን ጎተራ፣ መንገድ፣ ገበያና ሰላም ሲጠፉ ነው። ይህን ሁሉ «የአየር ንብረት ለውጥ» በሚል አንድ ቃል ከጠቀለልነው፣ ሊጠየቅ የሚገባው ሁሉ ነጻ ይወጣል። በአንጻሩ ለውጡን ፈጽመን ብንክድ፣ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ ድርሻ ያላት አገራችን በ2009 በኮፐንሃገን በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኩል ከአፍሪካ ጋር ያቀረበችውን የካሣ ጥያቄ ከንቱ እናደርገዋለን።

በምእመናን መካከል

በዚያው በ2009፣ ከኮፐንሃገኑ ጉባኤ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከእንግሊዝ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪዎች ኢሜይሎች ተሰርቀው ወጡ። «ሳይንሱ ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ» የሚል ወሬ በዓለም ዞረ፤ በውጭ ባሉ ወገኖቻችንም በኩል ወደ እኛ ደረሰ። በ2010 ጉዳዩን የመረመሩ ልዩ ልዩ አካላት የተፈበረከ መረጃ አላገኙም፤ ተመራማሪዎቹን ግን መረጃቸውን ለጠያቂ በግልጽ ባለማካፈላቸው ወቅሰዋል። ወሬውን ያደረሱን ብዙዎች ውጤቱን አላደረሱንም።

«የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ከተባለ ይህንም እናሰማ፤ የተባበሩት መንግሥታቱን የሳይንቲስቶች ጉባኤ ዋና የሳይንስ ግምገማ ለዓመታት ከመሩት አንዱ የነበሩትና በ2020 ያረፉት ዌልሳዊው ሰር ጆን ሆውተን ወንጌላዊ ክርስቲያን ነበሩ። ቴርሞሜትር ማንበብ እምነታቸውን አላስካዳቸውም።

«ኃጢአታችን ነው» ስለሚለው መልስም አንድ ቃል እንበል። ንስሐ ሁልጊዜ ተገቢ ነው። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጌታ የሰሊሆም ግንብ ስለወደቀባቸው ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበለም። የኢዮብም ወዳጆች የተወቀሱት ለወዳጃቸው መከራ ያልተመረመረ ምክንያት ስለሰጡ ነው። የጃናሞራ እናት ልጇ ሲራብባት ከእኛ የሚጠበቀው ፍርድ ሳይሆን እህል ነው።

አራት ጥያቄዎች

ስለዚህ በመድረክም፣ በዕድርም፣ በገበያም ስለ አየር ንብረት ስንሰማ ወይም ስንናገር እነዚህን እንጠይቅ፦

1. የተለካው የት ነው? የአገር አቀፍ አማካይ የዳባትን ማሳ አይነግረንም፤ የዳባትም ማሳ አገሩን አይወክልም።

2. ለስንት ዓመት ተለካ? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይገኛል። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ የሚያሰለች ሊመስል ይችላል፤ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ባይኖር ስለ ለውጥ መናገር አይቻልም። ሕዝቡም መልስ ሰጥቶ ብቻ መቅረት የለበትም፤ «ያለፈው ጥናት ምን ተገኘበት? በአማርኛ ንገሩን» ብሎ ይጠይቅ።

3. ሌላ ምክንያት የለም ወይ? አፈሩ፣ ግጦሹ፣ ጉዞው፣ ጦርነቱ ታይተዋል?

4. እርግጠኝነቱ ምን ያህል ነው? የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ትንበያ ሲሰጥ የሚናገረው በዕድል መጠን ነው። «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» የተባለው አፍ ለአፍ ሲተላለፍ «ዘንድሮ ዝናቡ ብዙ ነው» ይሆናል። ገበሬው ዘሩን በሙሉ ዘርቶ ዝናቡ ሲቀር «ሳይንስ ዋሸ» ይላል። የዋሸው ግን ዕድሉን እርግጥ አድርጎ ያወራው ነው። ትክክለኛውን የሰማ ገበሬ ከዘሩ ከፊሉን ያስቀምጥ ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ዮሴፍ በግብፅ የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ያሳለፈው የራቡ ምክንያት ምንድን ነው በሚል ክርክር አልነበረም፤ የተነገረውን አምኖ ጎተራ ሠራ፣ እህሉንም አከማቸ። እኛም ስለ ሙቀቱ የተለካውን እንመን፤ ስለ ዝናቡ ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ነው እንበል፤ በእጃችን ያለውን እርከንና ጎተራ ግን የማንንም ክርክር ማለቅ ሳንጠብቅ እንሥራ። በደባርቅና በዳባት ቁልቁለት ላይ የሚታጠበው አፈር ክርክራችን እስኪያልቅ አይጠብቅምና።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። ተባረኩ።